የምስጋና ቀን በልቅሶ አገር

አሜሪካኖች ታንክስጊቪንግን የሚያከብሩት በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው። የእኛ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። በ2016 ዓ.ም. ሐሙሱ ኅዳር 13 ላይ ስለዋለ፣ እዚህ ማሳቹሴትስ ዉስተር ያለን ዘመዶች ቱርኪውን በልተን ቅዳሜ ጾም ያዝን። በ2017 ግን ኅዳር 19 ሆነ። ቱርኪው ቀረ፣ ቅቤ የገባበት ድንች ቀረ፣ በወተትና በእንቁላል የሚሠራው የዱባ ፓይም ቀረ። ከዚያ ሁሉ ገበታ ያለ ጥርጥር ለጾመኛ የሚሆነው ክራንቤሪው ነው። እኔም በዓሉን የማውቀው በእሱ ሆኗል።

ክራንቤሪ ጥሬውን አፍ ላይ የሚጥል ፍሬ አይደለም። ሲነክሱት ጥርስ ያጠርሳል፣ ከተዋጠም በኋላ ምላስ ላይ ምሬቱ ይቀራል። ገበያ ላይ በ340 ግራም ከረጢት ይገኛል። ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት ጠረጴዛ ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል፤ ጠንካራው ይነጥራል፣ የላላው እዚያው ይቀራል። ለሁለት ሲቆርጡት አራት ባዶ ክፍሎች ይታያሉ። በውስጣቸው ያለው አየር ነው ፍሬውን የሚያንሳፍፈው፤ ገበሬዎችም ማሳውን በውሃ አጥለቅልቀው የሚሰበስቡት ለዚህ ነው። ከአንድ ኩባያ ውሃ ጋር ስጥደው መጀመሪያ ዝም ይላል። ጥቂት ቆይቶ ቆዳው መፈንዳት ይጀምራል፤ አንዱ ጷ ሲል ሌላው ይከተላል፣ ውሃውም ደም ይመስላል። ከፈላ አስር ደቂቃ ይበቃዋል። ፔክቲን ስላለው ሲቀዘቅዝ በራሱ ይረጋል። ቀረፋ፣ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ፣ ትንሽ የብርቱካን ልጣጭ እጨምርበታለሁ። ቤታችን የሚከራከረው በስኳሩ ነው። በተለመደው አሠራር ለአንድ ከረጢት አንድ ኩባያ ስኳር ይገባል። እኔ ግማሽ ብቻ ነው የማደርገው፤ ሆምጣጣነቱ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ።

አባቴ ባረፈ ዓመት፣ ገና አርባው ሳይወጣ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለዚህ በዓል ቤቷ ጠራችኝ። ከመብላት በፊት እያንዳንዱ ሰው ስለ ምን እንደሚያመሰግን በተራ ይናገራል። አንዱ ስለ አዲስ ሥራው፣ አንዷ ስለ ልጅ ልጇ ተናገሩ። ተራው ሲደርሰኝ፣ «አባቴ ሞቶብኛል። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ» አልኩ። ገበታው ዝም አለ። ባለቤቲቱ ደግ ሴት ናትና፣ «ረጅም ዕድሜ ስለኖሩ ማለትሽ ነው?» ብላ ምክንያት ፈለገችልኝ። እኔ ግን ምክንያት ይዤ አልነበረም ያመሰገንኩት። እነሱ የሚቆጥሩት የተሰጣቸውን ነበር፤ እኔ የምናገረው ሰጥቶ ለወሰደው ነበር።

ይህን የምለው የእኛን አመሰጋገን ከእነሱ ለማስበለጥ አይደለም። እኛም ጋ በምስጋና ስም የሚሠራ ግፍ አለ። ልጇን በጦርነት ያጣች እናት ልቅሶ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታነባ፣ «ተይ እንጂ፣ እሱ ያመጣው ነው፣ አመስግኚ» ሲሏት ሰምቻለሁ። ይህ ምስጋና ነው ብዬ አላምንም። የሚያለቅስ ሰው አፍ ላይ የሚደፋ ስኳር ነው። ኢዮብ ያመሰገነው ልብሱን ቀድዶ፣ ራሱን ተላጭቶ ነው። ካመሰገነም በኋላ ዝም አላለም፤ የተወለደባትን ቀን ረገመ፣ ከፈጣሪው ጋር ተሟገተ። በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው ለእግዚአብሔር ጥብቅና ቆመናል ባሉት ወዳጆቹ ላይ ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው ሙግቱ ምስጋናውን እንዳላፈረሰበት ነው።

ስለዚህ የዚህ በዓል ታሪክ ሲነገር ምሬቱ መዘለል የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1621 ፕሊመዝ ላይ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች አዝመራቸውን ሰብስበው ሲደግሱ፣ የአገሩ ተወላጆች የሆኑት የዋምፓኖአጎች መሪ ማሳሶይት ዘጠና ያህል ሰዎች ይዞ መጥቶ ሦስት ቀን አብረው በሉ። ሰፋሪዎቹ ቤታቸውን የሠሩበት መሬት ግን ፓቱክሴት የሚባል የዋምፓኖአግ መንደር ነበር፤ ከ1616 እስከ 1619 የዘለቀ ወረርሽኝ ሕዝቡን ጨርሶት ነው ባዶ የሆነው። ክራንቤሪም ያኔ የዋምፓኖአጎቹ ፍሬ ነበር፤ ትኩሱንም፣ አድርቀውም ይበሉት ነበር። በ1676 የዚያው የማሳሶይት ልጅ ሜታኮም ጦርነት ላይ ተገድሎ፣ ራሱ ፕሊመዝ ውስጥ እንጨት ላይ ተሰክቶ ለዓመታት ቆየ። ከ1970 ጀምሮ ተወላጆቹ በዚሁ ሐሙስ፣ እዚያው ፕሊመዝ፣ ኮልስ ሂል በሚባለው ጉብታ ላይ ተሰብስበው ሐዘናቸውን ያስባሉ።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ሹካዋን አስቀመጠች። «ታዲያ ሰው ልቅሶ ላይ ገብተን ነዋ የምንበላው!»

በዓሉን እንተወው ለማለት ቃጥቶኝ ነበር፤ ግን አልተዋጠልኝም። ፕሬዚዳንት ሊንከን ይህን ቀን ለመላው አገር ያወጀው በ1863፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ መሐል ሆኖ ነው። በአዋጁም ሕዝቡ ሲያመሰግን መበለቶችንና የሙት ልጆችን በጸሎት እንዲያስብ ጠይቋል። እኛስ ተስካር የምናወጣ ሰዎች አይደለንም? ተስካር ላይ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ካህናት ይመርቃሉ፣ የሟች ስም ይጠራል። ማንም ሠርግ ነው ብሎ አይሳሳትም፤ አልበላም ብሎ የሚነሣም የለም። እናቴ ይህን ስትሰማ ትንሽ አሰበችና፣ «ተስካር ከሆነ የሟች ስም ይጠራ» አለች። ከዚያ ወዲህ ከምስር ወጡና ከጎመኑ መሐል ክራንቤሪው ቀርቦ፣ ገበታው ከመቆረሱ በፊት፣ ከአባቴ ስም ቀጥሎ የፓቱክሴት ሰዎች ይነሣሉ። ልጆቹ ለምን እንደሆነ ያውቃሉ።

ግን ይህም አያረካኝም። ሐዘንተኛውን ሳያዩ በሩቁ ስም መጥራት በእኛ ወግ ሙሉ አይደለም፤ ልቅሶ ይደረሳል። ፕሊመዝ ከዉስተር በመኪና ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም፣ ስብሰባውም የሚጀመረው እኩለ ቀን ላይ ነው። ዘንድሮ ማዕዱን ወደ ማታ ብናደርገውስ እያልን ከእናቴ ጋር እየተማከርን ነው። እሷ ነጠላዬን ላዘቅዝቀው ወይስ እንዲሁ ልሂድ ብላ ጠይቃኛለች።