ሸራ ከመግዛትህ በፊት

ልጄ፣ ያ አሮጌ ሃይሉክስህ ፍሬን ስትይዝ ወደ ቀኝ ይጎትታል፣ ጉድጓድ ሲገባም ፊቱ «ቋ» ይላል ብለኸኛል። የፍሬን ሸራ ልግዛ ወይ? ስትል ነበር። ቆይ፣ ገንዘብህን አታውጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

መጀመሪያ የጎማህን ንፋስ አስለካ። ፍሬን ሳትይዝም የሚጎትት ከሆነ ነገሩ ከንፋስ ወይም ከአላይመንት ሊሆን ይችላል። ስትይዝ ብቻ ከሆነ ግን አድምጠኝ። መኪና ወደ ቀኝ ሲጎትት ሰው ሁሉ የቀኙን ጎማ ይፈታል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ቀኙ ሥራውን እየሠራ ነው፤ የለገመው ግራው ነው።

ጥቂት ነድተህ ደጋግመህ ፍሬን ያዝና ቁም። እጅህን ወደ ሁለቱ ቸርኬዎች አስጠጋ፤ አትንካ፣ ያቃጥላል። ቀዝቃዛው የማይይዘው ነው። ፍሬን እምብዛም ሳትነካ ነድተህ አንዱ ከጋለ ደግሞ ያ ጎማ ይዞ አልለቅም ብሏል። ስቀለውና የፍሬኑን አየር ማስወጫ ቡሎን ትንሽ አላላት። ጎማው ወዲያው ከተፈታ ዘይቱ መመለሻ አጥቷል፤ በአሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ውስጡ ያበጠ የፍሬን ጎማ ቱቦ ነው። ካልተፈታ የካሊፐሩን ፒስተን ዝገት ይዞት ይሆናል። አዲስ ሸራ ሁለቱንም አያድንም።

ለ«ቋ» ድምፁ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አግድና ፊቱን ስቀል። ክሪክ ብቻ አምነህ ከስር እንዳትገባ! ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዝ። ከተነቃነቀ አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ይያዝልህ፤ መነቃነቁ ከቆመ ኩሽኔታ ነው፣ ካልቆመ ቦል ጆይንቱን ጠርጥር። በግራና በቀኝ ይዘኸው ከተጫወተ የመሪውን ቴስቲናዎች እይ። ቦል ጆይንትን ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ እየሄድክ ከወለቀ ጎማው ይተኛል፣ መሪውም አይታዘዝህም።

ሌላም ልጠይቅህ። ጭነት እንዲችል ብለህ ባሌስትራ አስጨምረሃል አይደል? በብዙ አሮጌ ሃይሉክሶች ከኋላ አክሰሉ ጋር በዘንግ የተያያዘች የፍሬን ቫልቭ አለች። የመኪናው ጀርባ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ እያየች ለኋላ ጎማዎች የሚደርሰውን ኃይል ትመጥናለች። ጀርባው በባሌስትራ ከፍ ሲል «ባዶ ነው» ብላ ትቀንሳለች፤ ጤፍ የተጫነው መኪና በአብዛኛው በፊት ፍሬኑ ሊቆም ይታገላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ባለሙያ ዘንጓን ከአዲሱ ከፍታ ጋር ያስተካክልልህ። ይህችን ቫልቭ ዞር ብሎ የሚያያት ጠፍቶ ስንት ሸራ በከንቱ ተቀየረ!

ፔዳሉን ረግጠህ ስትይዘው ቀስ እያለ ከወረደ፣ የሚፈስ ነገርም ካላየህ፣ ዋናው የፍሬን ፓምፕ ነው። እንደ ስፖንጅ ከሆነ አየር ገብቶበታል።

የፍሬን ዘይቱንም አትናቀው፤ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ወለል ይነካል። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል፤ ቀለበት መንገድ ላይ ያማረ ፍሬን ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ፣ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ዘይቱ ሁለት ዓመት ካለፈው አስቀይር፤ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ውረድ። ቦል ጆይንቱ ከተነቃነቀ ግን ጭነትህን ለሌላ መኪና ስጥና ጋራዥ ግባ።