ወጪት ሰባሪ ማን ነው?

የሰው ደመወዝ እየበሉ ማታ ማታ የራስን ቤት መሥራት ወጪት ሰባሪነት ነው? የአቀስታ ልጅ ነኝ፤ እኛ ጋ ይህ ስድብ ቀላል አይደለም። ቀን ለውጭ ድርጅት ኮድ እጽፋለሁ፣ ማታ የራሴን። ሰሞኑን እንድፈርም የተላከልኝ አዲስ ውል፣ ማታ የጻፍኩትም የድርጅቱ ነው ይላል። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ አንቀጽ የተለመደ ነው።

ኃይሌ ገሪማ በ1993 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) «ሳንኮፋ»ን ይዞ በርሊን ለውድድር ቀረበ። አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍልለት ጠፋ። ዋሽንግተን ላይ ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ራሱ አሳየው፤ ሕዝቡ ጎረፈ፤ ከዚያ ከከተማ ወደ ከተማ ተዞረበት። ማይፈዱህ ፊልምስ የሚባለውን የራሱን ድርጅት ያቋቋመው ቀደም ብሎ፣ በ1980ዎቹ ነው። የወር ደመወዙ ግን ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ እዚያ ያስተምር ነበር። ዩኒቨርሲቲው ወይ እኔን ወይ ፊልምህን አላለውም።

ይህን ያሉት ሌላ ሰው ነበር። በ1916 ኖብል እና ጆርጅ ጆንሰን የሚባሉ ጥቁር ወንድማማቾች ከጥቂት ባልደረቦች ጋር ሊንከን የተባለ የፊልም ኩባንያ መሠረቱ። ጥቁሩን አውሬ አድርጎ የሳለው የግሪፊዝ «በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» ከወጣ ገና ዓመቱ ነው። ሊንከን በድምፅ አልባ ፊልሞቹ ጥቁሩን የሚሠራ፣ የሚያፈቅር፣ የሚከበር ሰው አድርጎ አሳየው። የፊልም ቅጂው ጥቂት፣ የሚያሳየው አዳራሽም ጥቂት ስለነበር በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት ሳይቀር ይታይ ነበር። ጆርጅ ፖስታ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ነው ፊልሞቹን ለሲኒማ ቤቶች ያከራይ የነበረው። ፖስታ ቤቱ ምን ቸገረው! ኖብል ግን የዩኒቨርሳል ተዋናይ ነበር፤ የሊንከን ፊልሞች ተመልካች ሲሻሙ ዩኒቨርሳል አስመረጠው ይባላል። በ1918 ሊንከንን ለቀቀ።

ከሀዲ የሚለው አይጠፋም። እኔ አልለውም፤ ሆድ ባዶውን አይከራከርም። የሚከነክነኝ ደመወዝን እንደ ውለታ መቁጠራችን ነው። ወጪቱ የውለታ ነው፤ ተጋብዘህ በልተህ ብትሰብረው ነውር ነው። ደመወዝ ግን የተሠራበት ዋጋ ነው፤ ወሩ ሲያልቅና ሲከፈል ሒሳቡ ይዘጋል። ቀኑን የገዛ ሰው ሌሊቱን እንደ ምርቃት ሊወስድ አይችልም።

ሊንከን የመጨረሻ ፊልሙን በ1921 አወጣ። ኖብል ሆሊውድ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠራ፤ በ1933ቱ «ኪንግ ኮንግ» ላይ ልጅቷን ለአውሬው የሚያቀርበው የደሴቲቱ አለቃ እሱ ነው።