ሕይወት በገንዘብ አይተመንም

በአሜሪካ ወጣት ሴቶች እንቁላላቸውን ለመካኖች እንዲሰጡ በማስታወቂያ ይጠየቃሉ፤ ስሙ ልገሳ ቢሆንም ገንዘብ ይከፈልበታል። የተስማማችው እኅት ለ10 ቀናት ያህል የሆርሞን መርፌ ትወጋለች፤ ከዚያም በማደንዘዣ እንቁላሎቿ በመርፌ ይወሰዳሉ። አንዳንዶች ሆዳቸው ውኃ ይቋጥራል፤ አልፎ አልፎም ሕመሙ ይጸናል።

ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1987 «ዶኑም ቪቴ» በተሰኘው ሰነድ ይህን አልተቀበለችም፤ ልጅ በባልና በሚስት አንድነት የሚገኝ የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና። ሆኖም እንደ ሐና የምታለቅሰውን መካን አንፍረድባት፤ በዚህ መንገድ የተወለደ ሕፃንም ክብሩ ምሉዕ ነው።

ካቴኪስቶች ሆይ፥ ወጣቲቱ ልትጠይቀን ስትመጣ ከመገሠጻችን በፊት እናድምጣት። ያስጨነቃት የትምህርት ቤት ክፍያ ከሆነ፥ «አይሆንም» ብለን ባዶ እጇን አንስደዳት። የሕይወት ጌታ ይርዳን፤ አሜን።