ስለ ነፍስ ድካም፦ ሐኬትን ከደዌ ስለ መለየት

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ፊት ሸሽቶ ወደ ምድረ በዳ በገባ ጊዜ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን እንደ ለመነ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ19ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ሰው ጥቂት ቀደም ብሎ በቀርሜሎስ ተራራ በጸሎቱ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነው። መልአኩ ሲመጣ ስለ እምነቱ ማነስ አልገሠጸውም። በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት። ኤልያስም በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ እንደ ገና አበላው። እግዚአብሔር በኮሬብ ያነጋገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንቅልፍና እንጀራ ከቃል መቅደማቸውን ግን ብዙ ሰባኪ ሳያስተውለው ያልፋል።

የኤልያስ አገር ገለዓድ ዛሬ በዮርዳኖስ መንግሥት ግዛት ውስጥ ነው። በዚሁ መንግሥት፣ ከዋናው ከተማ ከአማን በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሳሃብ የምትባል ከተማ አለች። ወደ ጥምቀቱ ስፍራ የሚወርድ ተሳላሚ በመንገዱ አያገኛትም፤ የምትታወቀው በፋብሪካዎችዋ ነውና። በልብስ ስፌቱ ሥራ የተሰማሩት አብዛኞቹ ከባንግላዴሽና ከሌሎች የእስያ አገሮች የመጡ ሴቶች ናቸው፤ በጋራ ማደሪያ ያድራሉ፣ ከስምንቱ ሰዓት በላይ ትርፍ ሰዓት መሥራትም የተለመደ ነው። የኢትዮጵያ ልጆች ደግሞ በብዛት የሚገኙት በአማንና በአካባቢዋ በሰው ቤት ነው። የአገሩ የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለ ሆነ እሑድ ሲነጋ ቅዳሴ የለም፤ ሥራ ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ እኅቶች አንዲቱ በንስሐ አባትዋ ፊት ቀርባ፣ «አባቴ፥ ጸሎት አልሆን አለኝ፤ ውዳሴ ማርያሙን እከፍታለሁ፣ ፊደሉ ይታየኛል፣ ልቤ ግን የለም። ታክቶኛል፤ መኖሩም ታክቶኛል» ብትል መልሱ ምን ይሆናል? ሐኬት ነው ብሎ ስግደትና ጾም ቢጨምርባትስ? ደዌ ከሆነ በታመመ ጫንቃ ላይ ድንጋይ መጫን ነው። ደዌ ነው ብሎ ቢያሰናብታትና ሐኬት ቢሆን ደግሞ ነፍስዋን ያለ እረኛ ትቶአታል።

የቀደሙት አባቶች ሐኬትን በሚገባ ያውቁት ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ ምድረ በዳ የኖረው ኤቫግርዮስ ከስምንቱ ክፉ ሐሳቦች አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል፤ ጋኔነ ቀትር ያለውም እርሱን ነው። በዚህ ሐሳብ የተያዘው መነኵሴ ፀሐይዋ የቆመች ይመስለዋል፤ በመስኮት ይመለከታል፣ በዓቱን ይጠላል፣ ዘመዶቹ ይናፍቁታል፣ ሌላ ገዳም ይሻላል ይላል፤ ከበዓቱ ለመውጣትም በሽተኛ መጠየቅን ምክንያት ያደርጋል። (ገዳም የኖረ ሁሉ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።)

የዛሬ ዘመን ሐኪሞችም በበኩላቸው ድካምን፣ ውጥረትን፣ ጭንቀትንና ድብርትን አንድ አያደርጓቸውም። ውጥረት ራሱ ደዌ አይደለም፤ ሰውነት ለሚመጣበት ፈተና የሚሰጠው መልስ ነው። ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉ ሆርሞኖች ይመነጫሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ በደም ውስጥ ስኳር ይበዛል፣ እንቅልፍ ይርቃል። ለአንድ ሰዓት ሲሆን ይህ ከአውሬ ያድናል፤ ለወራት ሲሆን ግን ባለቤቱን ይጎዳዋል። ሃንስ ሰልዬ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1936 እንስሳትን መርምሮ ሰውነት አስቀድሞ እንደሚደነግጥ፣ ቀጥሎ እንደሚቋቋም፣ ፈተናው ካልቆመ ግን በመጨረሻ እንደሚዝል ጽፏል። ጭንቀት ገና ስላልደረሰ ነገር መፍራት ነው፤ ፍርሃቱ ከምክንያቱ ሲበልጥና ለወራት አልለቅ ሲል ሐኪም የሚያስፈልገው ይሆናል። ከሥራ የተነሣ የሚመጣውን መዛል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ በዋለው በ11ኛው መዝገቡ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክሥተት ብሎ ጻፈው እንጂ ከደዌያት ጋር አልቈጠረውም።

ድብርት ግን ደዌ ነው። ምልክቱም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት ይቻላል፣ ልብ ሲከፋ ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረው ሁሉ ጣዕም ሲያጣ ነው፤ ከዚህም ጋር እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይዛባሉ፣ አሳብ አልሰበሰብ ይላል፣ ሰው ራሱን ከንቱና በደለኛ አድርጎ ይቈጥራል፣ ሞትንም ይመኛል። በአገራችን ሕሙሙ ብዙ ጊዜ «አዝኛለሁ» አይልም፤ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴን ይቈረጣጥመኛል» ይላል እንጂ። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም አስቀድሞ ደሙን ይመረምራል፤ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ ሳንባ ነቀርሳና የስኳር በሽታ እንዲሁ ያደክማሉና።

መለያው ከዚህ ላይ ይገኛል። ሐኬተኛው ከጸሎት ሲሸሽ የሚሸሽበት አለው፤ ወሬው ይጣፍጠዋል፣ መንገዱ ይናፍቀዋል። ድብርት የያዘው ሰው ግን መሸሻም የለው። ጸሎቱ እንደ ጠፋበት ሁሉ ጨዋታውም፣ ምግቡም፣ የእናቱ ድምፅም ጣዕም አጥተዋል። ሐኬተኛው ኃጢአቱን ያቃልላል፤ ይኸኛው ያልሠራውን ኃጢአት ሳይቀር በራሱ ላይ ይከምራል። ሁለቱ በአንድ ሰው ሊገኙ ስለሚችሉ ንስሐ አባት ብቻውን መፍረድ አይገባውም፤ ሐኪም ይጠይቅ። ሞትን ተመኘሁ ያለውን ሰው ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ማድረስ እንጂ ለብቻው መተው አይገባም።

ወደ ሐኪም መሄድ እምነት ማጉደል የሚመስለው አለ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ኤች አይ ቪ ሕሙማን ሲናገሩ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ መክረዋል፤ ይህ ምክር ለነፍስ ሕሙማን የማይሆንበት ምክንያት የለም። የሐዋርያት ቀኖናም ጾምን ሲያዝ በሥጋ ደዌ የተያዘውን ይለያል። የድብርት መድኃኒት የሚሠራው ከሳምንታት በኋላ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አልረዳኝም ብሎ መተው ብዙዎችን ጎድቷል።

ነገር ግን መድኃኒቱ ያልተሰጠ ዕረፍትን አይተካም። ዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. በ2008 የቤት ሠራተኞችን በሥራ ሕግዋ አካትታለች፤ በቀጣዩ ዓመት በወጣው ደንብም በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ተወስኖላቸዋል። በሕግ መጻፉና በተዘጋ ቤት ውስጥ መፈጸሙ ግን ለየብቻ ነው። እንቅልፍዋን የተነጠቀችን ሴት «ታገሺ፣ ጸልዪ» ብሎ መመለስ መልአኩ ለኤልያስ ካደረገው ይርቃል።

ከተሳላሚዎች መካከል የጉዞው ወጪ በስደት ካለች ልጅ የተላከላቸው አሉ። በስልክ ስትገናኝ የምትጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ መቼ እንደሚደርስ ነው። እናትዋ «ልጄ፥ ትተኛለሽ ወይ? እህልስ ይበላልሻል ወይ?» ብላ ብትጠይቃት፣ እውነተኛው መልስ «ልመለስ» የሚል ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚቀጥለው ወር ገንዘብ አይመጣም። ጥያቄው ሳይጠየቅ የሚቀረውም ስለዚህ ይሆናል።