ከከተማ ሥር ያለው ውኃ የማን ነው?

የባሕር ዳር ከተሞች የከርሰ ምድር ውኃ እየጨወየ መምጣቱ በተነገረ ቁጥር፣ ምክንያቱ የአየር ንብረት ለውጥ ነው ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ምድር በሞቀች መጠን ባሕሩም ከፍ ይላል፤ በአሁኑ ጊዜ ጭማሪው በዓመት 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሆኖም ሁሉን በአየር ንብረት ብናመካኝ የሰውን እጅ እንዳንሸሽግ እንሠጋለን።

የኢንዶኔዥያን ትልቅ ከተማ ጃካርታን እንመልከት። የቧንቧ ውኃ ለሁሉ ባለመዳረሱ ድሃውም ባለጠጋውም ከመሬት ሲቀዳ ኖሯል፤ ልዩነቱ በጥልቀቱ ነው። ድሃው በግቢው ጥቂት ሜትሮች ይቆፍራል፤ ፋብሪካውና ሆቴሉ ግን ከጥልቁ በሞተር ይስባሉ። ውኃው ሲወጣ በውኃ ተነፍቶ የነበረው የሸክላ አፈር ይጨመቃል፤ አንዴ ከተጨመቀም ወደ ቀድሞ ይዞታው አይመለስም። ስለዚህ የሰሜን ጃካርታ አንዳንድ ሰፈሮች ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እስከ 4 ሜትር ሰጥመዋል። ባሕሩ በሚሊ ሜትር ሲወጣ መሬቱ በሴንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው።

ጨውም በዚሁ መንገድ ይገባል። ጨው አልባው ውኃ ቀላል በመሆኑ ከመሬት በታች በባሕር ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ በስሌት ሲታይ ከባሕር ወለል በላይ ያለው 1 ሜትር፣ ከወለሉ በታች 40 ሜትር ያህል ጨው አልባ ውኃ ጠብቆ ያቆያል። የላዩ 1 ሜትር ከጎደለ የሥሩ ጨው በዚያው ስሌት ሽቅብ ይመጣል። ጉድጓዱ የጨወየበት ድሃ ታዲያ ጠልቆ መቆፈር አይችልምና ከጋሪ ነጋዴ በጀሪካን፣ ያውም ከቧንቧው በሚበልጥ ዋጋ፣ ይገዛል።

«ከገዛ ግቢዬ ብቀዳ ማንን በደልሁ?» የሚለው ሙግት እዚህ ላይ ይፈተናል። ከምድር በታች ያለ ውኃ አጥር አያውቅም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክት ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ማግኘት የሰው ሁሉ መሠረታዊ መብት መሆኑን አስተምረዋል። እንግዲህ ሌላ አማራጭ አጥቶ የሚቀዳውንና አማራጭ እያለው የሚስበውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርድ ማዛባት ይመስለናል።

ነገሩ ተስፋ የሌለው አይደለም። ቶኪዮ የጉድጓድ ውኃ መሳብን በሕግ ከገደበች በኋላ፣ ቬኒስም በአቅራቢያዋ ያሉ የፋብሪካ ጉድጓዶች በ1970ዎቹ ሲዘጉ፣ ፈጣኑ የመሬት መስጠም ቆሟል። ይሁንና ቧንቧ ሳይዘረጉ ጉድጓድ መዝጋት የተጠማን መቅጣት ነው፤ ቅደም ተከተሉ ሊጤን ይገባል። የኢንዶኔዥያ መንግሥት በ2019 ዋና ከተማውን ወደ ቦርኒዮ ደሴት እንደሚያዛውር አስታውቋል። ከባሕሩ መከላከያ ግንብ ሥር ያለው የሙዋራ ባሩ ሰፈር ነዋሪ ግን ዛሬም ውኃ የሚፈልገው እዚያው ባለበት ነው።