የማይከደን ዓይን



ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ወደ ጣሪያው ቀና ያላለ ጎንደሬ የለም። ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ረድፍ ረድፍ ሆነው ቁልቁል ያዩናል። ዓይኖቻቸው እንደ ፈጠጡ ናቸው። እኛ ስናንቀላፋ የሚነቃልን እንዳለ ሥዕሉ ያለ ቃል ያስተምረናል።

ይህን ያነሣሁት ስለ አንድ ፍርሃት ነው። ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከወገራ ደጋ እንቅርቷን ልታስወጣ ጎንደር የምትወርድ እናት ብዙ ጊዜ ከቢላው ይልቅ ማደንዘዣውን ትፈራለች። «ልቤ እንዲያውም ትር ትር ይልብኛል፤ ካስተኙኝ መች ልነቃ?» ትላለች። ሌሊት ስታስበው ልቧ ይመታል፤ ልቧ ሲመታ ፍርሃቷ ይብሳል። ሁለቱ እየተቀባበሉ እንቅልፍ ይነሷታል።

እናቴ ሆይ፣ መፍራትሽ ኃጢአት አይደለም። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ተጨንቋል፤ ጭንቀቱንም ለደቀ መዛሙርቱ ነግሯቸዋል። ፍርሃት የሚጎዳው ሲሸሸግ ነው። አባቶቻችንስ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ?

ለነፍስ አባታችሁ ግማሹን ተናዝዛችሁ ግማሹን ታስቀራላችሁን? በቀዶ ሕክምናው ቀን የማደንዘዣ ባለሙያው የሥጋችሁ አባት ነው። ልባችሁ መቼ እንደሚመታ፣ ራሳችሁን ስታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ የምትውጡትን ኪኒን፣ የጠጣችሁትን የባህል መድኃኒት፣ አረቄውንም ጫቱንም ሳታፍሩ ንገሩት። የልብ መምታት ከፍርሃትና ከቡና ሊመጣ ይችላል፤ ከደም ማነስ፣ ከልብ በሽታ፣ ከራሱ ከእንቅርቱም ይመጣል። እንቅርቱ ሆርሞን የሚያበዛ ከሆነ ሐኪሞች አስቀድመው በመድኃኒት ያረጋጉታል፤ ቀዶ ሕክምናው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ቀጠሮ ቢራዘም «ጣሉኝ» አትበሉ፤ መጠበቁም ሕክምና ነው። የልብ ኪኒናችሁንም በገዛ እጃችሁ አታቋርጡ።

ምግብ አትቅመሱ ሲሏችሁ እንደ ጾም ጠብቁት፤ በማደንዘዣ እንቅልፍ ውስጥ በሆድ ያለው ወጥቶ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። ጠበልም ቢሆን በዚያ ጠዋት ሳትጠይቁ አትጠጡ። እምነታችሁ አይጎድልም።

ከአዳም ጎን አጥንት በተወሰደ ጊዜ እግዚአብሔር አስቀድሞ እንቅልፍ ሰጠው። ያ እንቅልፍ ምሕረት ነበረ። በእኛም አገር፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ እንዲህ ያለውን እንቅልፍ የሚሰጡ የማደንዘዣ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ባለሙያው አስተኝቷችሁ አይሄድም፤ ከራስጌያችሁ አይርቅም። ጣታችሁን የቆነጠጠችው ትንሽ መሣሪያ የልባችሁን ምትና የደማችሁን ኦክስጅን፣ ክንዳችሁ ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ የደም ግፊታችሁን ይነግሩታል። ምቱ ቢዛባ መድኃኒቱ በእጁ ነው። አደጋ ፈጽሞ የለም ብዬ አልዋሻችሁም፤ የሚጠብቃችሁ ግን አለ።

አስታማሚዎች ሆይ፣ «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» ብላችሁ አፏን አትዝጉባት። ባለሙያው ዘንድ አብራችኋት ግቡ፤ አፍራ የዋጠችውን እናንተ ጠይቁላት። ይህም መንቃት ነው።

አልጋው ላይ ተንጋልላችሁ ቀና ስትሉ መላእክቱ አይታዩም፤ የምታዩት መብራት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ትንፋሻችሁን በቀስታ ሳቡና ራስጌ ለቆመው «ፈርቻለሁ፤ ልቤም እየመታ ነው» በሉት። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍኑ። የእሱ ክፍት ነው፤ የላከው አምላክም አያንቀላፋም።