ቀዳዳው ከማን ወገን ነው?

እንግሊዝኛው «ሉፕሆል» መጀመሪያ የሕግ ቃል አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በግንብ ላይ ሆን ተብሎ የሚሠራ ጠባብ ቀዳዳ ነበር፤ ከውጭ ሲያዩት ስንጥቅ ይመስላል፣ ከውስጥ ግን ሰፋ ይላል፣ ቀስተኛው እንደ ልቡ እንዲያነጣጥር። ከደንብ ማምለጫ የሚለውን ትርጉም ያገኘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እኛም «የሕግ ቀዳዳ» እንላለን፤ ለስለስ ሲል «ክፍተት»።

እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝ። ኮምፒውተር የተጻፈለትን እንጂ የታሰበለትን አያነብም። ለዚህ ይሆናል ለረጅም ጊዜ «ካልተከለከለ ተፈቅዷል» ብዬ የኖርኩት።

ሚስኮልን አስቡት። አንዴ ጠርቶ ሲዘጋ «ደርሻለሁ»፣ ሁለቴ ሲሆን «ደውልልኝ»። ያልተነሳ ጥሪ ስለማይከፈልበት ሳንቲም ሳናወጣ ስንት ነገር አወራን! ሌብነት ነው ያለኝ ሰው የለም፤ እኔም አልልም።

ካርዱ ግን ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለን አንድ የዶርም ጓደኛዬ ቅዳሜና እሁድ ዘመድ ጋ ሲሄድ የካፌ ካርዱን ትቶልኝ ይሄድ ነበር። በር ላይ የሚታየው ቁጥሩ ብቻ ነው። በራሴ ካርድ በልቼ በሱ ደግሞ እሰለፋለሁ። ክርክሬም ዝግጁ ነበር፦ ድርሻው ተመድቧል፣ እሱ ፈቅዷል፣ ደንቡ የሚለው አንድ ካርድ አንድ ሳህን ነው። ታዲያ ቢደፋ ይሻላል?

አንድ እሁድ ላይብረሪ አምሽቼ ለእራት ሰልፉ መጨረሻ ላይ ደረስኩ። ወጥ አልቋል። ደረቅ እንጀራ ይዤ «ማዘር፣ ለሁሉም ሰው አይደል እንዴ የሚሠራው?» አልኳቸው።

«ቅዳሜና እሁድ ብዙው ልጅ ስለሚወጣ ቀንሰን ነው የምንሠራው ልጄ» አሉኝ። «አሁን አሁን ግን አልደርስ እያለን ነው፤ ምን እንደሆነም እንጃ።»

ከኋላዬ ገና ሁለት ልጆች ነበሩ።

ለካ የጓደኛዬ ድርሻ ድስቱ ውስጥ አልነበረም። የተጻፈው ደንብ ካርዱን ያውቃል፤ ሴትየዋ ያልተጻፈውን፣ የሰዉን ልማድ አስበው ነበር የሚያበስሉት። እኔ ቀዳዳ ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲው ግንብ ላይ መስሎኝ ነበር። ከግንቡ ወዲያ የቆሙት ግን እነዚያ ሁለት ልጆች ናቸው።

እርግጥ ጓደኛዬ ራሱ ግቢ ውሎ ቢበላስ? ያው አንድ ሳህን አይደል? ይሄን ጥያቄ እስካሁን አጥርቼ አልመለስኩትም። የምለው ይሄን ያህል ነው፦ እሱ ቢበላ ርቦት ነው፤ የኔ ግን ሁለተኛዬ ነበር።

በሚቀጥለው አርብ ካርዱን ሲሰጠኝ ተቀብዬ መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩት። ሰኞ ተመልሶ «በላህበት?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።